አባባን ቤዝቦል ያሳየሁ ዕለት

አባባ ጡረታ የወጡት በ2019 መጀመሪያ ላይ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ የኛው ከጠፋብኝ ቆየ።) ዳውንታውን ዋሽንግተን አንድ ፓርኪንግ ውስጥ፣ ከመሬት በታች፣ የሰው መኪና ሲያቆሙና ሲያወጡ 29 ዓመት ኖረዋል። አንድ ጉዞ ልጋብዛቸው አሰብኩና "አባባ፣ የት ልውሰድዎት?" አልኳቸው። ኢየሩሳሌም የሚሉ መስሎኝ ነበር። ካልሆነ ጎንደር። የሻይ ማንኪያቸውን ሳህኑ ላይ አስቀመጡና፣

"ፌንዌይ" አሉኝ።

"ምንድነው ፌንዌይ?"

"ቦስተን ያለው ሜዳ ነዋ። የቤዝቦሉ።"

እናቴ ከኩሽና ሰምታ "ውይ በሞትኩት! በዚህ ዕድሜ ኳስ?" አለች። የቦስተኑ ቡድን ስሙ ሬድ ሶክስ እንደሆነ፣ ትርጉሙም ቀይ ካልሲ እንደሆነ ስነግራት ጭራሽ ተንከተከተች።

ወደኋላ ልመለስ። አባባ በ1986 በመተማ በኩል ሱዳን ሲገቡ እኔ የአንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ካርቱም ሦስት ዓመት ተቀምጠው በ1989 ዋሽንግተን ገቡ። እኔና እናቴ የመጣነው በ1997 መስከረም ነው። 12 ዓመቴ ነበር። አባቴን በፎቶ እንጂ አላውቃቸውም። አውሮፕላን ውስጥ እናቴ "አደራ፣ አንቱ በያቸው" ስትለኝ መጣች። ይኸው እስከ ዛሬ አንቱ ነው የምላቸው። ወንድሜ እዚህ ተወልዶ "አንተ" ይላቸዋል፤ ምንም አይሉትም።

ከደለስ ኤርፖርት ወደ ቤት ስንሄድ የመኪናው ራዲዮ ክፍት ነበር። አንድ ሰውዬ በፍጥነት ያወራል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ይጮኻል። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ከፊት ተቀምጣለች። ባሏን ካየች 11 ዓመቷ ነው። የሆነ ነገር ልትል አፏን ስትከፍት አባባ እጃቸውን ብድግ አድርገው "አንዴ" አሉ። ራዲዮውን ሊሰሙ! እናቴ ይህን ለእንግዳ ሁሉ እየሳቀች ታወራዋለች። እኔን ግን ለብዙ ጊዜ አላሳቀኝም።

ራዲዮው ላይ የነበረው ባልቲሞር ኦሪዮልስ ነው። ሰው ዋሽንግተን እየኖረ ለምን ባልቲሞርን ይደግፋል? ያኔ ዋሽንግተን ቡድን አልነበራትማ። የነበራት ቡድን በ1971 ጥሏት ቴክሳስ ሄዷል። በ2005 አዲስ ቡድን ሲመጣላት የአባባ የሥራ ባልደረቦች ሁሉ ቀይ ኮፍያ ገዙ። አባባ ንቅንቅ አላሉም። "ብቻዬን ሳለሁ ያዋሩኝ እነዚያ ናቸው" አሉ።

እኛ በመጣን በወሩ ኦሪዮልስ ለዋንጫው ፍጻሜ አንድ እርምጃ ሲቀራቸው በክሊቭላንድ ተሸነፉ። ከዚያ በኋላማ 14 ዓመት ሙሉ በየዓመቱ ከድላቸው ሽንፈታቸው ይበልጥ ነበር። "እግራችሁ ነው" ይሉናል አባባ፣ እኔንና እናቴን።

ቤዝቦልን ለማታውቁ ባጭሩ፦ አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ መትቶ አራት ማዕዘን ይዞራል። ዘጠኝ ዙር አለው፤ ያኔ ሰዓት ግን አልነበረውም፤ ለወርዋሪው ሰዓት የተቆረጠለት በ2023 ነው። ወርዋሪው ኳሷን ያሽ፣ ኮፍያውን ይነካካ፣ ዞር ብሎ ያይ፣ እንደገና ያሽ ነበር። እኔ እንቅልፌ ይመጣ ነበር። አባባ ግን የራሳቸው ፍልስፍና አላቸው። "እግር ኳስ ለቡዝ አይሆንም" ይላሉ፤ ቡዝ የሚሉት ፓርኪንጉ ውስጥ ሒሳብ የሚቀበሉባትን ጠባብ ክፍል ነው። "ለሰው መልስ ቆጥረሽ ቀና ስትዪ ጎል ገብቷል። ቤዝቦል ይጠብቅሻል።" እንግሊዝኛቸውንም የተማሩት ከዚያው ከራዲዮው ነው። ማታ ፓርኪንጉ ጭር ሲል፣ አንድ ቡዝ፣ አንድ ማሞቂያ፣ አንድ ራዲዮ።

ደጋግመው የሚያወሩት የአንድ ሌሊት ወሬ አለ። ሴፕቴምበር 6 ቀን 1995። ካል ሪፕከን የሚባለው የኦሪዮልስ ተጫዋች፣ አንድም ጨዋታ ሳያመልጠው 2,131ኛውን የተጫወተበት ቀን ነው። ሉ ጌሪግ የሚባል የኒውዮርክ ተጫዋች 2,130 ላይ ያቆመውን ክብረ ወሰን ሰበረ። ጨዋታው ተቋርጦ ሕዝቡ ከ20 ደቂቃ በላይ ቆሞ አጨበጨበ። በራዲዮ ይታያችሁ እንግዲህ፤ ጭብጨባ ብቻ። መኪናውን ሊወስድ የመጣ አንድ ሰው መስኮቱን አንኳኳ። አባባ "አንዴ" አሉት። ሰውየውም ትኬቱን እንደያዘ አንገቱን ቡዝ ውስጥ አስገብቶ አብሯቸው ጭብጨባ ሰማ።

"ለምን ነበር ያጨበጨቡለት?" ብዬ ጠየቅኋቸው፣ ገና ልጅ ሆኜ።

"ከሥራ ስላልቀረ።"

አባባም ከሥራ አይቀሩም ነበር። የሃይስኩል ምረቃዬ ላይ ያልተገኙትም ለዚሁ ነው።

ወደ ጉዟችን። አፕሪል 14፣ የኒቆዲሞስ እሁድ፣ ቅዳሴ ወጥተን ከዩኒየን ስቴሽን ባቡር ያዝን። ጾም ስለሆነ እናቴ ሽሮ ፍትፍት በሳህን ቋጥራልን ነበር። ዴላዌር ላይ ሲከፈት ጋሪው ሙሉ ዞሮ አየን። ኒውዮርክን በመስኮት አየናት፣ ኮኔክቲከት ላይ አንቀላፋን፣ ቦስተን በጨለማ ገባን።

ቀኑን የመረጥኩት አውቄ ነው። በኤፕሪል ሦስተኛው ሰኞ ማሳቹሴትስ የአርበኞች ቀን ነው። እኛ ሚያዝያ 27 የምናከብረው ዓይነት፤ የነሱ በ1775 ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት የጀመሩበት ነው። በዚያ ቀን ቦስተን ማራቶን ይሮጣል። ሬድ ሶክስም እንደ ሌላው ቀን ከሰዓት ወይም ማታ ሳይሆን ጠዋት ይጫወታሉ። ማራቶኑ የሚያልፍበት ኬንሞር አደባባይ ደግሞ ከፌንዌይ የአምስት ደቂቃ መንገድ ቢሆን ነው። በዚያ ላይ ተጋጣሚው ኦሪዮልስ! ሁለት ድግስ በአንድ ቀን አልኩ።

ችግሩ ሰዓቱ ነው። ጨዋታው በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ አምስት ሰዓት አለፍ ሲል ይጀምራል። ሯጮቹ ኬንሞር የሚደርሱት ወደ ስድስት ሰዓት ግድም ነው። "አባባ፣ ኬንሞር ቆመን ልጆቻችንን እንይና ከዚያ እንገባለን። ሁለት ሦስት ዙር ቢያመልጠን ነው" አልኩ። ኢትዮጵያዊ ሆኖ ማን ይቃወማል?

"ጨዋታ ከመሃል አይጀመርም" አሉ አባባ። ብርቱካንማ ኮፍያቸውን አጥልቀው ቀደሙኝ።

በር ላይ አንድ ከረጢት ኦቾሎኒ ገዙ። የሚከፈተው ግን ዘጠኝ ሰዓት ነው። ኮታቸው ኪስ ከተቱት።

ፌንዌይ በ1912 የተሠራ ሜዳ ነው። ወንበሩ እንጨት፣ ጠባብ፤ የአባባ ጉልበት የፊተኛውን ሰው ጀርባ ይነካል። ያም ብቻ ቢሆን። ርካሽ ነው ብዬ በኢንተርኔት የገዛሁት ትኬት ከምሰሶ ጀርባ ሆኖ ቁጭ! ወፍራም አረንጓዴ ብረት፣ ልክ ወርዋሪው የሚቆምበት ላይ። ላብ አሰመጠኝ። ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር፣

"29 ዓመት ምኑን አይ ነበር?" አሉኝ። ከልባቸው ነው።

እውነትም ሜዳውን ከኔ በላይ ያዩታል። ግራ በኩል ያለውን 11 ሜትር የሚሆን አረንጓዴ ግድግዳ ጠቆሙኝ። ውጤቱን የሚለጥፈው ከግድግዳው ውስጥ የተቀመጠ ሰው እንደሆነ ነገሩኝ፤ እስከ ዛሬ በእጅ። ከዚያ አንገታቸውን አስግገው ቀኝ ዳርቻውን ፈለጉ። "ያቻት!" በአረንጓዴ ወንበሮች ባሕር መካከል አንዲት ቀይ ወንበር። ቴድ ዊልያምስ በ1946 የመታው ኳስ ያረፈበት ቦታ ነው፤ 153 ሜትር። አንድም ቀን ያልረገጡትን ግቢ እንዲህ እያዞሩ አስጎበኙኝ። እኔ ነበርኩ እሳቸውን ላሳይ የመጣሁት።

ተጫዋቾቹ ሲወጡ ደግሞ ሁሉም ጀርባቸው ላይ 42 ለብሰዋል። "ልብሱ አንሷቸው ነው?" አልኩ። አባባ ቆጣ አሉ። ጃኪ ሮቢንሰን፣ በዘመናችን ትልቁ ሊግ ውስጥ የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር፣ አፕሪል 15 ቀን 1947 ነው የገባው። ቁጥሩ 42 ነበር፤ በዚህ ቀን ሁሉም የሱን ይለብሳል። "እነዚህ ካልሲዎች ግን" አሉ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ፣ አማርኛ ነውና፣ "ጥቁር ያስገቡት ከሁሉም ኋላ ነው። በ1959።" አጠገባችን ያሉት ሽማግሌ ፈረንጅ "ሬድ ሶክስ" የምትል ቃል እንኳ ስላልሰሙ ፈገግ አሉ።

አባባ የውጤት መመዝገቢያ ወረቀታቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው እርሳስ ቀረጹ። ቤዝቦል ወዳዶች እያንዳንዱን ምት በምልክት ይጽፋሉ። ሦስት ጊዜ ስቶ የወጣ ተጫዋች ሲኖር ፈረንጆቹ የነሱን "ኬ" ያሰፍራሉ። የአባባን ወረቀት አጮልቄ አየሁ። "ቀ" ይላል።

"ቀ ምንድነው?"

"ቀረ።"

መትቶ ሙሉ ዙር የዞረው "ዞ" ነው። ሳይመታ በነፃ የተለቀቀው "ሄ"፤ ሄደ። ቡዝ ውስጥ በመኪና ትኬት ጀርባ ላይ የፈለሰፉት ነው። የዚህ ሁሉ ዓመት ትኬት ቤታችን ምድር ቤት በጫማ ካርቶን ተቀምጧል። እናቴ ስንቴ ልትጥለው ተነስታለች። እኔም የሒሳብ ነገር ይመስለኝ ነበር።

ሦስተኛው ዙር ላይ ስልኬን አወጣሁ። ወርቅነሽ ደገፋ ብቻዋን ነው የምትሮጠው። ገና ከመነሻው አካባቢ ተነጥላ ወጥታ፣ ልዩነቱ ከሦስት ደቂቃ በላይ ደርሶ ነበር። አሁን ግን ኬንያዊቷ ኤድና ኪፕላጋት ከኋላ እየበላቻት ነው። ስልኩን ወረቀታቸው ላይ አስደግፌ አስቀመጥኩት። አባባ ወርዋሪው ኳሷን ሲያሽ ወርቅነሽን ያያሉ፤ ሊወረውር ሲል ቀና ይላሉ።

"የት ደረሰች?"

"ኬንሞር።"

ከግድግዳው ማዶ ማለት ነው። አገር አቋርጠን መጥተን፣ ልጅቱ እዚያ ጋ እያለፈች፣ እኛ በስልክ እያየናት ነው። ሁለታችንም ይህን እኩል አሰብነው መሰለኝ፣ ተያየንና ሳቅን። 2:23:31። በ42 ሰከንድ አሸነፈች። አባባ እርሳሳቸውን ወደ ሰማይ አነሱና ወረቀቱ ጠርዝ ላይ "ወ" ብለው ጻፉ። ወንዶቹ ጋ ሌሊሳ ዴሲሳ መጨረሻዋ መስመር ላይ በሁለት ሰከንድ ተቀደመ። ከተማዋ ሌሊሳን ታውቀዋለች። በ2013 አሸንፎ፣ የዚያኑ ቀን ቦምብ ፈንድቶ ሰው ሲሞት፣ ሜዳሊያውን በኋላ ለቦስተን መልሶ ያበረከተ ልጅ ነው። አባባ አንዴ ምጥጥ አድርገው ወደ ኳሳቸው ተመለሱ።

"ስልኬን ቻርጅ ላድርግ" ብዬ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር ሆትዶግ አምሮኝ ነው። ቆሜ፣ በአራት ጉርሻ፣ ጨረስኩት።

ስመለስ ኦሪዮልስ እየመሩ ነው። ባለፈው ዓመት 115 ጊዜ የተሸነፈ ቡድን፣ ዋንጫ የያዘውን ቡድን፣ በገዛ ሜዳው! ክሪስ ዴቪስ የሚባለው ተጫዋቻቸው ያን ሰሞን የአሜሪካ መሳለቂያ ነበር። 54 ጊዜ በተከታታይ ተራው ደርሶ አንዴም አልመታም፤ ዱላው የቀናው ከሁለት ቀን በፊት፣ እዚሁ ሜዳ ላይ ነው። አባባ ስሙ ሲጠራ ሁሌ "ምስኪን" ይላሉ፤ ሚሊዮኖች የሚከፈለውን ሰውዬ። በዚያ ቀን ሆም ራን መታ። ኳሷን ምሰሶው ከለለብን። ዝም ያለውን ሕዝብ ሰምተው ነው አባባ ያወቁት። ብድግ አሉ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል፣ ብቻቸውን፣ በብርቱካንማ ኮፍያ። ወረቀቱ ላይ "ዞ" ጻፉና ሁለቴ አሰመሩበት።

8 ለ 1 አለቀ። ሊያልቅ ሲል ሽማግሌው ፈረንጅ ከየት እንደመጣን ጠየቁ። ሲነገራቸው "እ! ያንቺ አገር ሰዎች ውጭ አሸነፉ እኮ" አሉኝ። አባባ ጣልቃ ገቡና ሜዳውን አሳዩአቸው፣ "የኔዎቹ እዚህም እያሸነፉ ነው።"

ወጥተን ከሕዝቡ ጋር ወደ ኬንሞር ፈሰስን። አንደኞቹ ከገቡ ሁለት ሰዓት አልፏቸዋል። አሁን የሚሮጠው ተራው ሰው ነው። ሆዳም አለ፣ አንካሳ አለ፣ ሙሽራ መስሎ የለበሰ አለ። ጠዋት ስለዘነበ ጫማቸው ጭቅ ጭቅ ይላል። አባባ አጥሩን ይዘው ለእያንዳንዱ ያጨበጭባሉ። ስማቸውን ደረታቸው ላይ የጻፉትን በስማቸው እየጠሩ። እንዲህ ሲጮኹ ሰምቻቸው አላውቅም።

ከዚያ ሰዓታቸውን አዩ። ዘጠኝ። ኦቾሎኒውን ከኪሳቸው አውጥተው አማተቡና ቀደዱት። የመጀመሪያዋን ፈልፍለው ለኔ ዘረጉልኝ።

"ጾሜ ነው አላልሽም?" አሉ።

"ነው እንጂ!"

"እጅጌሽ ላይ ሰናፍጭ አለ። ጥረጊው።"