ጌጁ ከግማሽ በላይ፣ ሞተሩ ግን ጠፍቷል

ጎንደር ውስጥ አንድ ጋራዥ የናፍታ ታንክ ቀይሮ የሸኘው አሮጌ ላንድክሩዘር ፒክአፕ በሦስተኛው ቀን ከዳባት አለፍ ብሎ ዳገት ላይ ጠፋ። ሹፌሩ ደወለ። «ወንድሜ፣ ናፍታ አላለቀም፤ ጌጁ ከግማሽ በላይ ነው። ዳገቱ መሀል ላይ ሲደርስ ትንፋሽ አጥሮት ቆመ።» ናፍታ ማጣሪያው (ፊልትሮው) ላይ ያለውን የእጅ ፖምፓ ደጋግሞ ሲጫነው ሞተሩ ይነሳል። ሜዳ ላይ ምንም አይለውም። ዳገት ሲይዝ ግን ይጠፋል።

መኪናው 75 ሲሪስ የሚባለው ነው፤ ሞተሩ 1ኤችዜድ፣ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር። አሮጌው ታንክ ከሥር፣ የብረት ቀበቶው በሚያቅፈው በኩል ዝጎ ማንጠባጠብ ጀምሮ ነበር። የዚህ መኪና ታንክ ሁልጊዜ የሚሞተው እዚያው ነው። በቀበቶውና በታንኩ መካከል ያለው ጎማ ሲያልቅ ጭቃና ውኃ እዚያ ይቀመጣል፤ ብረትም ከብረት ይፋተጋል። ባለመኪናው ኦሪጅናል ስላላገኘ በልኩ ከላሜራ የተሠራ ታንክ ይዞ መጣ። የተገጠመውም እሱ ነው።

አገጣጠሙ ላይ የሚነቀፍ ነገር የለም ለማለት ያስደፍራል። የባትሪው ኔጌቲቭ ተነቀለ። ናፍታው ከሥር ባለው መፍሰሻ ቡሎን ወደ ጄሪካኖች ተቀዳ፤ ይህን መዝለል አይቻልም፣ ሙሉ 90 ሊትር ናፍታ ብቻውን 75 ኪሎ ግድም ስለሚመዝን ታንኩ ከነናፍታው ቀበቶው ሲፈታ ሰው ላይ ይወድቃል። ከታች በክሪክና በጣውላ ተደግፎ፣ የመሙያው ጎማ፣ ሦስቱ ቱቦዎችና የጌጁ ሽቦ ተነቅለው ወረደ። አዲሱ ከመውጣቱ በፊት በናፍታ ታጠበ፤ ውስጡ የብየዳ ፍርፋሪና የላሜራ ብናኝ ነበረ። ለቀበቶዎቹ አዲስ ጎማ ተቆረጠ። አየር በትንሹ፣ ከ0.2 ባር ሳያልፍ ተሰጥቶት ስፌቱ በሳሙና አረፋ ተፈተሸ። ኮምፕሬሰር በቀጥታ የሚለቁበት አሉ። ታንክ የጎማ ከመነዳሪ አይደለም፤ በትንሽ ግፊት ይነፋና ስፌቱን ይለቃል።

ጥፋቱ የተሠራው ቱቦዎቹ ሲሰኩ ነው።

ናፍታ ታንክ አናት ላይ ሦስት ቧንቧ ይወጣል። አንዱ መጣጭ ነው፤ ውስጥ ለውስጥ ወርዶ ከታንኩ ወለል አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቆማል፣ ከሥር የሚጠራቀመውን ውኃና ደለል እንዳይስብ። ሁለተኛው መላሽ ነው፤ ናፍታውን በግፊት ከሚልከው ኢንጀክሽን ፓምፕና ሲሊንደሮቹ ውስጥ ከሚረጩት ኢንጀክተሮች የተረፈው ናፍታ በእሱ ይመለሳል፣ ስለዚህ ወለል ድረስ መውረድ አያስፈልገውም። ሦስተኛው መተንፈሻ ነው። በኦሪጅናሉ ታንክ ላይ መጣጩ ከመላሹ ይወፍራል፤ የተሳሳተው ቱቦ እሺ ብሎ ስለማይገባ እጅ ራሱ ያስታውሳል። በላሜራ የተሠራው ታንክ ላይ ግን ሁለቱም በአንድ ዓይነት 8 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ተሠርተዋል። ረዳቱ በቀኝ የነበረውን በቀኝ፣ በግራ የነበረውን በግራ ሰካ። ታንኩን የሠራው ሰው ደግሞ ቦታቸውን አዟዙሯል። ስለዚህ የመጣጩ ቱቦ አጭሩ መላሽ ቧንቧ ላይ ገባ።

ሞተሩ ወዲያው ያልጠፋው ለዚህ ነው። ታንኩ ሙሉ ሲሆን አጭሩም ረጅሙም ቧንቧ ናፍታ ውስጥ ነው፤ የሚጠቡት አንድ ነው። ጋራዡ በር ላይ ተፈትኖ ሠራ፣ አዘዞ ድረስ ተነድቶ ሠራ፣ ደባርቅ ደርሶ መልስ 200 ኪሎ ሜትር ሄዶ ሠራ። ሁለተኛውን ጉዞ ሲጀምር ናፍታው ወርዷል። ዳገት ላይ መኪናው አፍንጫውን ሲያነሳ ናፍታው ወደ ታንኩ ኋላ ይሸሻል፤ አጭሩ ቧንቧ በፊት በኩል ስለነበር አየር ላይ ተንጠለጠለ። ሜዳ ላይ ናፍታው ተመልሶ ይሸፍነዋል። ጌጁም አልዋሸም፤ ተንሳፋፊው ያየውን ነው የተናገረው። ታንክ ውስጥ ናፍታ መኖሩና ናፍታው መጣጩ ጋ መድረሱ ግን ሁለት የተለያየ ጉዳይ ነው።

እንዲህ ያለ ብልሽት ሲመጣ ብዙ ጋራዥ መጀመሪያ የሚያስበው ኢንጀክሽን ፓምፑን ነው። እዚህም ሊፈታ ቁልፍ ተነሥቶ ነበር። ያዳነው ዋናው መካኒክ ነው። «አንተ ልጅ፣ ተወው። መጀመሪያ ጄሪካን አምጣ» አለ። ረዳቱ «ጋሼ፣ ፊልትሮውን ትናንት ነው የቀየርነው» ሲል ሽማግሌው የሚፈልገው ፊልትሮ አልነበረም። 5 ሊትር ንጹሕ ናፍታ በጄሪካን ኮፈኑ አጠገብ ተሰቀለ። ከፊልትሮው መግቢያ ላይ ከታንክ የሚመጣው ቱቦ ተነቅሎ ከጄሪካኑ የሚመጣ ቱቦ ገባ፤ መላሹም ወደዚያው ጄሪካን ዞረ። መኪናው ዳገት ወጣ፣ ጋዝ ተሰጠው፣ አልጠፋም። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ፓምፑም፣ ኢንጀክተሮቹም፣ ፊልትሮውም ከጥርጣሬ ወጡ። የቀረው ከታንኩ እስከ ፊልትሮው ያለው መንገድ ብቻ ነው። ለዚህ ሞተር ከዚህ የተሻለ ምርመራ የለም፤ ፓምፕ ፈትቶ በመፈተሻ ማሽን (ቴስት ቤንች) ማስለካት የሚያስወጣውን የሚያውቅ ሰው ጄሪካኑን አይንቅም።

ቀጥሎ ከፊልትሮው በፊት 30 ሳንቲ ሜትር የሚያህል ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ ተሰካ። ከታንኩ የሚመጣው ቱቦ ወደ ቦታው ተመልሶ ሞተሩ ሲነሳና መኪናው ዳገት ላይ ሲቆም አረፋ በቱቦው ውስጥ ይሮጥ ጀመር። አረፋ ማለት ወይ መጣጩ አየር ላይ ነው፣ ወይ በመንገዱ ላይ የላላ ማሰሪያ ወይም የተሰነጠቀ ቱቦ አለ። 1ኤችዜድ ታንኩ አካባቢ የሚገፋ ፓምፕ የለውም፤ ኢንጀክሽን ፓምፑ ራሱ ነው ከፊት ሆኖ የሚስበው። ስለዚህ በመሳቢያው መስመር ላይ ያለ ቀዳዳ ናፍታ ወደ ውጭ አያንጠባጥብም፤ አየር ወደ ውስጥ ያስገባል። ከሥሩ ደረቅ ነው ብሎ ቱቦውን ማመን ስሕተት ነው። በእኛ አገር ከፍታ ደግሞ ይብሳል። ናፍታውን ወደ ፓምፑ የሚገፋው የአየር ግፊት ነው፤ ጎንደር ላይ ይህ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፣ ደባርቅ ላይ ከዚያም ያንሳል። መተማ ቆላ ላይ ሳይታወቅ የሚሠራ የላላ ማሰሪያ ደጋው ላይ ሞተር ያጠፋል።

ታንኩ እንደገና ሲወርድ ነገሩ በአንድ ቀጭን ሽቦ ለየ። ሽቦውን በአንዱ ቧንቧ ሲሰዱት ወለሉን ነክቶ ቆመ፤ በሌላው ሲሰዱት ከአንድ ጣት ርዝመት ብዙም ሳይርቅ ቧንቧው አለቀና ሽቦው ታንኩ ውስጥ እንደ ልቡ ተወዛወዘ። ቧንቧው ጠማማ ሆኖ ሽቦ ካላስገባ ሌላ መንገድ አለ፤ ታንኩ ውስጥ 10 ሊትር ያህል ናፍታ አድርጎ በየቧንቧው ቀስ ብሎ አየር መንፋት። ናፍታውን የሚያንቦጨርቀው መጣጩ ነው። በአፍ መንፋት ግን አይገባም፤ የጎማ መንፊያ በቂ ነው። ረጅሙ ቧንቧ በቀይ ቀለም ተቀባ፤ ቱቦዎቹ ቦታ ተለዋወጡ። ሥራው ይኸው ነበር፤ ሁለት ማሰሪያ ፈትቶ ሁለት ማሰሪያ ማጥበቅ።

ታንኩ ወርዶ ሳለ ሌሎች ሁለት ነገሮችም ታዩ። መተንፈሻው ቱቦ በታንኩና በሻንሲው መካከል ተቆንጥጦ ነበር። ይህ ቢቀር ኖሮ ቱቦዎቹ ከተስተካከሉ በኋላም መኪናው ረጅም መንገድ ላይ እየደከመ ይጠፋ ነበር፤ ናፍታ ሲወጣ አየር ካልገባ ታንኩ ውስጥ ባዶነት ይፈጠራልና። ምልክቱ ክዳኑ ሲከፈት «እስስ» ብሎ አየር መሳቡ ነው። ሁለተኛው የጌጁ ክንድ ነው። መላሹን ቧንቧ ይታከክ ስለነበር እንዳይነካው ትንሽ እንዲጣመም ተደረገ። ሽቦው ተነቅሎ በኦም ሜትር ሲለካ ተንሳፋፊው ሲነሳ ወደ 3 ኦም፣ ወለል ላይ ሲተኛ ወደ 110 ኦም ሰጠ፤ የአሮጌ ቶዮታ ጌጅ የሚያውቀው ይህንን ነው። ከሌላ መኪና የተወሰደ ተንሳፋፊ ቢገጠም ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው ቁጥር ትርጉም አይኖረውም።

ላሜራውም መጠየቅ አለበት። ዚንክ የተቀባ፣ ጋልቫናይዝድ የሚባለው ላሜራ ለውኃ ጥሩ ነው፤ ለናፍታ ታንክ ግን አይሆንም። ናፍታው ውስጥ ያለው አሲድ ዚንኩን እየበላ ሳሙና የመሰለ ዝቃጭ ይሠራል፤ እሱ ፊልትሮና ኢንጀክተር ይደፍናል። ይህ ታንክ ከጥቁር ላሜራ የተሠራ ስለነበር ዳነ። ወደፊት ቢያፈስና ብየዳ ቢያስፈልገው ደግሞ «ናፍታ ነው፣ አይፈነዳም» በሚል የብየዳ እሳት ማስጠጋት ሰው ይገድላል። የብየዳው ሙቀት ግድግዳ ላይ የቀረውን ናፍታ ወደ ተን ይለውጠዋል። ታንኩ ይታጠባል፤ ከሚበየድበት ቦታ ትንሽ ዝቅ እስኪል ድረስ በውኃ ይሞላል፤ አፉ ክፍት ሆኖ ይበየዳል።

መስመሩ ተገጥሞ በእጅ ፖምፓው እስኪጠነክር ተገፋ፤ የኢንጀክተሮቹ ዳዶ ተራ በተራ ላላ ብሎ አየሩ ወጣ። ሹፌሩ ታንኩን አልሞላም፤ እንዲያውም ሩብ እስኪቀር ነዳው፣ ደባርቅን ወጣ፣ ብርሃን የሚያሳልፈው ቱቦ ውስጥ አረፋ አልታየም። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ፊልትሮው ሲፈታ ከሥሩ አንድ ቁንጥር የሚሆን የላሜራ ብናኝ ወጣ። ሌላ ፊልትሮ ገባለት።