እኔ ያለሁበት ጥግ

ዛሬ ምንም አልሆንኩም። ግን ከፍቶኛል። እንዲህ ያለ ቀን አለ አይደል፣ "ምን ሆነሽ ነው?" ሲሉሽ የምትመልሺው የሚጠፋሽ።

ሰበብ ካስፈለገ የትንሿ ሰርግ ፎቶ ነው። ጠዋት የቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ ተለቀቀ፣ ሁለት መቶ ምናምን ፎቶ። አክስቴ አይታ አይታ ስትጨርስ ደወለችና "አንቺ የዚያን ዕለት አልመጣሽም ነበር እንዴ?" አለችኝ። እኔ! ከዋዜማው ጀምሮ ወጥ ስጨልፍ የከረምኩት! በቁመትም ቢሆን ከሁሉም እበልጣለሁ እኮ። ፈልጌ ፈልጌ አንዱ ፎቶ ላይ፣ ከሰዉ ኋላ፣ መብራት ያልደረሰበት ጥግ ውስጥ አንድ ጥቁር ነገር ቆሞ አገኘሁ። ቀሚሴ ጥቁር ነበር። በቃ እኔ ነኝ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

ማታ እማ ቡና አፈላች። መብራት ጠፍቷል። በረንዳው ላይ ከፍሙ በቀር የሚታይ የለም፣ ከጣና የሚመጣው ነፋስ ሲነካው ቦግ ይልና ይተኛል። በዘጌ በኩል ሐይቁና ሰማዩ አይለዩም። ያንን ጨለማ እያየሁ ሃይጂያ ትዝ አለችኝ። የምታውቁኝ አትሳቁ።

ሃይጂያ አስትሮይድ ናት፣ ፀሐይን የምትዞር የጠፈር ድንጋይ። በማርስና በጁፒተር መካከል ባለው ቀበቶ ውስጥ ከሚዞሩት በትልቅነት አራተኛ፤ የሚበልጧት ሴሬስ፣ ቬስታና ፓላስ ብቻ ናቸው። ከጫፍ እስከ ጫፍ 434 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሆናለች። ከእኛ ከባሕር ዳር መናኸሪያ ተነስታችሁ፣ ደብረ ማርቆስን አልፋችሁ፣ አባይ በረሃን ወርዳችሁ ወጥታችሁ፣ ፍቼ ልትገቡ ጥቂት ሲቀራችሁ ማለት ነው። ጣና በቁመቱ አምስቴ ቢደረደር እንኳ አይሞላትም።

ይህን ያህል ሆና ያያት አልነበረም። ሴሬስ በፈረንጆቹ 1801 ተገኘች። በ1807 ቬስታ ስትጨመር አራት ሆኑ፣ ከዚያ 38 ዓመት ጭጭ። ከ1845 ጀምሮ ደግሞ አስትሪያ፣ ሄቤ፣ አይሪስ፣ ፍሎራ፣ ሜቲስ እያሉ ተከታተሉ። አምስቱም ከሷ ያንሳሉ፤ አስትሪያማ በስፋት ሩቧን ብታህል ነው። እሷን አኒባሌ ዴ ጋስፓሪስ የሚባል የ29 ዓመት ወጣት ኔፕልስ ከሚገኘው የካፖዲሞንቴ የሰማይ መመልከቻ ያያት ኤፕሪል 12 ቀን 1849 ነው። በኛ 1841፣ ካሳ ገና ቴዎድሮስ ሳይባል። አሥረኛ ሆና ተመዘገበች። አራተኛዋ፣ አሥረኛ!

ጥፋቱ የጥቁረቷ ነው። ላይዋ ካርቦን የበዛበት ድንጋይ ስለሆነ ከሚደርሳት የፀሐይ ብርሃን የምትመልሰው ከመቶ ሰባት ያህሉን ነው። ሩቅም ናት፣ ከፀሐይ ያላት ርቀት የእኛን ሦስት እጥፍ ያልፋል፣ አንዴ ዞራ ለመመለስም አምስት ዓመት ተኩል ይፈጅባታል። እማ ከሰሉን ስትገለብጠው ያልነደደው ጎኑ ወደ ላይ መጣ። እንደዚያ አድርጌ ነው የማስባት።

ስሟ ደግሞ ያስቀኛል። የጥንት ግሪኮች ለጤና የሚያመልኳት አምላክ ስም ነው፤ ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የምናነበው "ሃይጂን" ከዚያው የመጣ ነው። እንደ ከሰል የጠቆረችውን ንጽህና ብሎ መጥራት! የመመልከቻው ኃላፊማ "ኢጄያ ቦርቦኒካ" ነበር ያላት፣ ለንጉሡ ቤተሰብ ለቦርቦኖች ክብር። ቦርቦኒካው ብዙም ሳይቆይ ተረሳ፣ ንጽህናዋ ቀረች።

ቀኗም፣ በራሷ ላይ አንዴ የምትሽከረከርበት ማለቴ ነው፣ ለረጅም ጊዜ 27 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው ይባል ነበር። ብርሃኗ ደመቅ ደብዘዝ ሲል ቆጥረው ነው፤ ሞላላ ትሆናለች፣ ሞላላ ደግሞ አንዴ ስትዞር ሁለቴ ትደምቃለች በሚል ሂሳብ። በ2019 ቺሊ ካለው ግዙፍ ቴሌስኮፕ ምስሏ ሲወጣ ግን ድቡልቡል ሆና ተገኘች። ቀኗ በግማሽ ተቆረጠ፣ 13.8 ሰዓት። እኔ 27 ሰዓት ቢሰጠኝ ትርፉን ያው ተኝቼ ነው የማሳልፈው።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ ጠባሳዋ ነው። የጠባሳዋ አለመኖር ማለቴ ነው። ከሷ ተፈንጥረው የወጡ ወደ 7,000 የሚጠጉ ስብርባሪዎች አሉ፣ ቤተሰቧ ይባላሉ። ይህን ሁሉ የወለደ አንድ ትልቅ ጉድጓድ ይኖራታል ብለው ነበር የጠበቁት። ከላይዋ 95 በመቶውን አይተው በእርግጠኝነት የለዩት ጉድጓድ ሁለት ብቻ፣ እነሱም ለዚያ የማይበቁ። የደረሱበት መልስ እንዲህ ነው፦ ከሁለት ቢሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ስፋቱ ከ75 እስከ 150 ኪሎ ሜትር የሚሆን ድንጋይ መጥቶ እንዳለች በታተናት፣ ከዚያ አብዛኛው ስብርባሪ በራሱ ስበት ተመልሶ ተሰበሰበና ድቡልቡል ሆነ።

ታዲያ ያው የበፊቷ ናት ወይስ ከፍርስራሿ የተሠራች ሌላ? የእማ ጀበና እጀታው ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል። በጨለማም ቢሆን ሽቦው እጅ ላይ ይታወቃል። እሷ ግን ዛሬም "የእናቴ ጀበና" ነው የምትለው። ሃይጂያ ሽቦ እንኳ የላትም።

በረካ ላይ እማ "እስቲ ያንን ፎቶ አሳዪኝ፣ አለሁበት ያልሽውን" አለችኝ። ጭራሽ ረስቼዋለሁ። ስልኬ 9 ፐርሰንት ነው የቀረው። ከፈትኩና ጥጉን በሁለት ጣቴ አሰፋሁላት። መነጽሯን አድርጋ ጠጋ ብላ ቆይታ አየችው።

"ይሄማ ስፒከሩ ነው" አለች።

ገመዱም ይታያል።