«ያቺን አንዷን ፍሬ ስጪኝ»

ፋርማሲ ውስጥ የሚሠራ ሰው ደንበኛውን በመድኃኒቱ ነው የሚያውቀው። የጨጓራው ሰውዬ፣ የግፊቷ እናት እንላለን። በሆዳችን ነው እንግዲህ።

እኚህን እናት የማውቃቸው በአንዲት ፍሬ ፍሉኮናዞል፣ በሚዋጠው የፈንገስ መድኃኒት ነበር። 150 ሚሊግራም። ካውንተሩ ጋ ወንድ ከቆመ ማስታገሻ ገዝተው ይወጣሉ። ቤቱ ጭር ሲል ይመለሱና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያቺን አንዷን ፍሬ ስጪኝ ልጄ» ይላሉ። መድኃኒቱ በሐኪም ማዘዣ የሚወጣ ነው። እሳቸው ግን እኔ እዚያ ሳልቀጠር በፊት ጀምሮ በቃል መግዛት ለምደዋል።

«እትዬ፣ በቅርቡ ወስደው አልነበር እንዴ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ወስጄ ነበር። ትንሽ ይሻለኝና ይመለሳል። ማሳከኩ እንቅልፍ ነሳኝ።»

በዓመት ስንቴ እንደሚመለስባቸው ጠየቅኳቸው። መቁጠር ትተዋል። የሴት ብልት ፈንገስ በዓመት ሦስቴና ከዚያ በላይ ከተመላለሰ ተደጋጋሚ ይባላል። ያኔ «ለምን?» ተብሎ መመርመር አለበት።

ከመደርደሪያው ጀርባ ወሰድኳቸው። መጀመሪያ ያወጡት ነገር ስለ በሽታው አልነበረም። «ከሰውዬው ነው የሚመጣብኝ። መኝታ ከለየን ቆይተናል» አሉኝ። ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስ በጤነኛ ሴት አንጀትና ብልት ውስጥም በጥቂቱ እንደሚኖር ነገርኳቸው። የአካባቢው ሚዛን ሲዛባ ነው የሚበዛው። ከአባላዘር በሽታዎች ጋር አይቆጠርም። ባልየውም እሱ ራሱ ካላሳከከውና ካልቀላበት በቀር አይታከምም።

ዝም ብለው ቆዩ። «ታዲያ ያን ምስኪን በከንቱ ነዋ ሳቃጥለው የከረምኩት!»

ጥያቄዬን ቀጠልኩ። አንቲባዮቲክ ወስደዋል? አልወሰዱም። ይህን የምጠይቀው አንቲባዮቲክ ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ሲያጠፋ ፈንገሱ ሜዳውን ስለሚያገኝ ነው። እርግዝናስ? ሳቁብኝ። ነፍሰ ጡር ብትሆን ግን የሚዋጠው አይመረጥም፤ በብልት የሚገባው ወይም ቅባቱ ለ7 ቀን ይታዘዛል። በምን ይታጠባሉ? በሳሙና፣ አንዳንዴም ሎሚ በተጨመቀበት ሙቅ ውሃ። እሱንማ ዛሬውኑ ይተዉት አልኳቸው። የቆሰለ ቦታ ላይ ሎሚ!

«ስኳርስ አለብዎት?»

«ኧረ የለብኝም። ሻይ እንኳ ያለ ስኳር ነው የምጠጣው።»

«ሌሊት ለሽንት ይነሳሉ?»

«እነሳለሁ። ውሃ ስለምጠጣ ነዋ።»

«ለምን ነው ሌሊት ውሃ የሚጠጡት?»

«ይጠማኛላ!»

ፍሬዋን አልሸጥኩላቸውም። ቁርስ ሳይበሉ ጤና ጣቢያ ሄደው ስኳራቸውን እንዲለኩ ለመንኳቸው። ተቆጡ። «ፋርማሲ ሞልቷል!» ብለው ወጡ። እውነታቸውን ነው፣ ሞልቷል። ባለቤቱም «ደንበኛ ታባርሪያለሽ» ብሎ አጉረመረመ።

ሲመለሱ የላብራቶሪ ወረቀት ይዘው ነበር። ምግብ ሳይበላ የተለካ ስኳር 126ና ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳር በሽታን ያመለክታል። የእሳቸው ከ200 አልፎ ነበር። ስኳር ደም ውስጥ ሲበዛ ፈንገሱ በቀላሉ ይራባል፤ የሰውነት መከላከያም ይዳከማል። ስኳሩ ሳይስተካከል አንድ ፍሬ መዋጥ ለጊዜው ማስታገስ ብቻ ነው።

የብልታቸው ፈሳሽም በማይክሮስኮፕ ታይቶ ፈንገስ መሆኑ ተረጋግጧል። የታዘዘላቸው ፍሉኮናዞል ግን እንደ ድሮው አንድ ፍሬ አልነበረም። በ1ኛው፣ በ4ኛውና በ7ኛው ቀን አንድ አንድ፣ ከዚያ በሳምንት አንድ ለ6 ወር። ማዘዣው ላይ ሌላ የፈለግኩት ነገር ነበር። የስኳሩ መድኃኒት ግሊቤንክላማይድ ቢሆን ኖሮ ሐኪሙ ጋ እደውል ነበር። ፍሉኮናዞል ጉልበቱን ስለሚጨምረው ስኳርን ከልክ በታች ሊያወርድ ይችላል። የተጻፈው ሜትፎርሚን ነው። እፎይ አልኩ።

ማሳከኩ ተወኝ ያሉኝ የወሩን መድኃኒት ሊወስዱ ሲመጡ ነው። ሳምንታዊዋን ፍሬ ግን እንዳያቋርጡ አስጠነቀቅኳቸው። ደህና ሆንኩ ብሎ መሃል ላይ መተው የተለመደ ነው። ስለ መኝታው እኔም አልጠየቅኩ፣ እሳቸውም አልነገሩኝ።

እኛ ቤት ከመደርደሪያው ጀርባ አሁን ወንበር አለ። ሰልፍ መሃል «የማህፀን ነው?» ብሎ የሚጮኸው የሥራ ባልደረባዬም ድምፁን መቀነስ ለምዷል። ማዘዣ ሳይዝ ለሚመጣ፣ በተለይ ለሚመላለስበት ሰው፣ መጀመሪያ ምርመራ እንላለን። በቀደም አንዲት ወጣት «የፈንገስ» ብላ መጣች። ማሳከክ የለም፤ ፈሳሹ ሳሳ ያለና የዓሣ ዓይነት ሽታ ያለው ነው። ላብራቶሪ ላክናት። የባክቴሪያ ሚዛን መዛባት ሆኖ ተገኘ፤ ሜትሮኒዳዞል ታዘዘላት። ፍሉኮናዞሉን ብትወስደው ኖሮ ምንም አይሠራላትም ነበር።