መቆም ከመሄድ ከበደን፦ አምስተኛ ወራችን በባለ ሸራ ጀልባ

ባለፈው ስጽፍ ገና ሜሪላንድ ነበርን። ጀልባዋ ቼሳፒክ ቤይ ላይ ታስራ፣ እኔ ደግሞ ገመድ አቋጣጠር ከዩቲዩብ እየተማርኩ። አሁን ባሃማስ ገብተናል፣ ኤግዙማ ደሴቶች። አምስት ወር ሞላን፤ ማንም አልሰጠመም።

ለአዲሶች፦ አራት ነን። ባለቤቴ፣ የ11 ዓመት ልጃችን፣ የ7 ዓመት ወንድሟና እኔ። ጀልባችን 36 ጫማ ናት፣ 11 ሜትር ገደማ። ኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ አስቡ፤ ከዚያ ወለሉን አወዛውዙት።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ሸራው ነው። ሸራውንስ በሦስት ሰመር ለመድነው። ያስቸገረን መልህቅ ጥሎ መቆም ነው።

መጀመሪያ ግን መሻገሩን ልናገር። ከማያሚ እስከ ቢሚኒ፣ ለማያሚ ቅርብ የሆነችው የባሃማስ ደሴት፣ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። መሃሉ ላይ ግን ገልፍ ስትሪም አለ። ባህር ውስጥ የሚፈስ ወንዝ በሉት፤ ወደ ሰሜን ነው የሚሄደው። የሰሜን ንፋስ ሲመጣበት ሁለቱ ይጋጩና ማዕበሉ እንደ ግድግዳ ይቆማል። ስለዚህ ንፋሱ እስኪዞር ዘጠኝ ቀን ቁጭ አልን። ጎረቤቶቻችንም ቁጭ ብለዋል፤ እዚህ የሚቸኩል ሰው አይከበርም። ስንነሳ የተጠቀምነው ዘዴ የሞላ ወንዝ የተሻገረ ሁሉ የሚያውቀው ነው፦ ልትወጣ ካሰብክበት ከፍ ብለህ ትገባለህ። የጀልባዋን አፍንጫ ወደ ደቡብ ምሥራቅ አዞርን፤ ጅረቱ እየገፋን ወደ ምሥራቅ ሄድን። ልጄ ካርታውን እያየች «አባዬ፣ ኩባ ልንገባ ነው እንዴ?» አለች። ቢሚኒ ስንደርስ ቢጫ ባንዲራ ሰቀልን፤ ገና መግቢያ አልተፈቀደልንም ማለት ነው። ካፒቴኑ ብቻ ነው ወርዶ ወረቀቱን የሚጨርሰው። ሌላው ጀልባ ላይ ይጠብቃል። ባለቤቴ «ካፒቴን የሆንከው መቼ ነው?» ብላ እስካሁን ትጠይቀኛለች።

አሁን ወደ መቆሙ።

የኤግዙማ ደሴቶች ትናንሽና አጠገብ ለአጠገብ የተደረደሩ ናቸው። ንፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከምሥራቅ ስለሚነፍስ ሰው ሁሉ በምዕራብ በኩል ደሴቱን ተከልሎ ያድራል። በብርዱ ወራት ግን ከአሜሪካ በኩል ኮልድ ፍሮንት፣ ማለትም ቀዝቃዛ አየር እየገፋ፣ ይወርዳል። ያኔ ንፋሱ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ይዞራል፤ ከደቡብ ወደ ምዕራብ፣ ከምዕራብ ወደ ሰሜን። ከዞረ በኋላ የከለላችሁ ደሴት ከኋላችሁ ይሆናል። መልህቁ ከለቀቀ የምትወጡት ድንጋዩ ላይ ነው።

ጥር ላይ ቢግ ሜጀር አጠገብ ቆመን ነበር። ባህር የሚዋኙት አሳማዎች ያሉበት ደሴት ነው። ትንበያው ንፋሱ የሚዞረው ጠዋት ነው ይላል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነቃሁ። የቀሰቀሰኝ ድምፅ ነው። ሰንሰለት ድንጋይ ላይ ሲጎተት ከውስጥ ለሚሰማው ወፍጮ ቤት የተኛ ያህል ነው። ስወጣ የጎረቤታችን ጀልባ መብራት ያለ ቦታው ሆኗል። የሄደችው ግን እሷ አይደለችም፣ እኛ ነን።

ባለቤቴ ሞተር አስነስታ መሪ ያዘች። እኔ ወደ ፊት ሄጄ ሰንሰለት መሳብ ጀመርኩ። ልጆቹ ላይፍ ጃኬት ለብሰው ጥግ ይዘው ተቀመጡ፤ ትንሹ በዚያ ሁሉ መሃል ብስኩት ይዟል። ብንጮህም ንፋሱ ድምፃችንን ይወስደዋል። ሁለቴ ጣልን፣ ሁለቴ ተነቀለ። በሦስተኛው ያዘ። ሲነጋ ሳየው ከድንጋዩ የለየን የሁለት አውቶቡስ ርዝመት ያህል ነው።

ጥፋቱ የሒሳብ ነበር፤ ባለጥፋቱም እኔ። መልህቅ እንደ በግ ካስማ አይደለም፤ መሬት ውስጥ የሚቀበረው ወደ ጎን ሲጎተት ነው። ወደ ላይ ከሳባችሁት ግን ልክ እንደ ካስማው ይነቀላል። ስለዚህ የጥልቀቱን 5 እጥፍ፣ ንፋስ ሲበረታ 7 እጥፍ ሰንሰለት ትለቃላችሁ። እኔ መለኪያው 3 ሜትር ሲለኝ በ5 አባዝቼ 15 ሜትር ለቀቅኩ። ሁለት ነገር ረስቻለሁ። ሰንሰለቱ የሚነሳው ከውሃው ላይ ሳይሆን ከጀልባዋ አፍንጫ ነው፤ 1 ሜትር ጨምሩ። ባህሩ ደግሞ በቀን ሁለቴ ይሞላል፤ እዚህ 1 ሜትር ገደማ ይነሳል። 3 ያልኩት 5 ነበር ማለት ነው። የለቀቅኩትም ሦስት እጥፍ ብቻ።

ከዚያ ወዲህ የምንጥለው ነጭ አሸዋ ላይ ነው። ጠቆር ያለው ሣር ነው፤ መልህቁ ላዩ ላይ ይንሸራተታል። ከጣልን በኋላ ሞተሩን ወደ ኋላ አድርገን ቀስ ብለን እንጎትተዋለን። ከዚያ አንዳችን በመነጽር ጠልቀን እናየዋለን፤ ውሃው እንደ ብርጭቆ ስለሆነ ይህን ያህል ከባድ አይደለም። መጯጯህም ቀርቷል፣ በእጅ ምልክት ነው። ትዳር ላይ ያመጣውን ለውጥ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

ውሃ። ታንካችን 400 ሊትር ይይዛል። 25 ቀን እንዲያቆየን ስናካፍለው ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ደረሰው። ዕቃ በባህር ውሃ ይታጠብና በንጹሕ ይለቀለቃል። እዚህ ላይ አለቃዋ ባለቤቴ ናት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት የአዲስ አበባ ሰፈር ስላደገች ጄሪካን አያስደነግጣትም። በአንድ ኩባያ ጸጉር ስትታጠብ የጎረቤት ጀልባ ሰዎች አይተው ተገረሙ።

እንጀራም እየወጣልን ነው። 25 ኪሎ ጤፍ ከሲልቨር ስፕሪንግ ይዘን ወጥተናል። የመጀመሪያው ሊጥ በጉዞ ላይ ፈሶ ወለሉን ሞላው፤ ሽታው ሳምንት ቆየ። አሁን ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ እናቦካለን፤ ባልዲው ልብስ ተጠቅጥቆበት የዕቃ ማጠቢያው ገንዳ ውስጥ ይቀመጣል። ሙቀቱ ስለሚያፈጥነው ሁለት ቀን አይፈጅም፤ በሦስተኛው ቀን ሆምጣጤ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ባትሪያችንን ስለሚጨርሰው የምንጋግረው በጋዝ፣ በመጥበሻ ነው። ሳህን ታክላለች፣ ግን ዓይን አላት።

አንድ የደሴቱ ዓሣ አጥማጅ ኮንክ ሰጠን። ትልቅ የባህር ቀንድ አውጣ ነው። በቃሪያና በሽንኩርት ጠበስነው። እናቴ በስልክ «ቅርፊት አለው?» ብላ ጠየቀች፤ ክንፍና ቅርፊት የሌለው አይበላም ማለቷ ነው። «ቅርፊትማ አለው፣ ቤቱን የሚያህል» አልኳት። ዝም አለች።

ወርዴሪክ ዌልስ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ የተከለለ ፓርክ አለ፤ ዓሣ ማስገር ቀርቶ ባዶ ዛጎል ማንሳት አይቻልም። ትንሹ ከኪሱ 11 ዛጎል አውጥቶ አንድ በአንድ መለሰ። አንዷን ለማስመለስ ሩብ ሰዓት ፈጀብን።

አሁን ጆርጅታውን ነን፣ የኤግዙማ ከተማ። የአውሎ ነፋሱ ወቅት ሰኔ ላይ ከመግባቱ በፊት ወደ ሰሜን መመለስ ወይስ ወደ ግሬናዳ መውረድ፣ ገና አልወሰንንም። ብዙ ጀልባ ከዚህ ነው የሚመለሰው፤ ወደቡንም በቀልድ «የፈሪዎች ወደብ» ይሉታል። ቀልዱ አልከፋኝም።

ሐሙስ ሌላ ፍሮንት ይመጣል። ትልቋ ሒሳቡን ደብተሯ ላይ ሠራች፦ 4 ሜትር ጥልቀት፣ 1 ለሙላቱ፣ 1 ለአፍንጫው፣ ሲባዛ በ7፣ 42። ትንሹ አየና «50 አድርጉት» አለ።

50 ለቀቅን።