«ዳኛውማ አልፈረዱም፤ አስጻፉ እንጂ»

አጎቴ በንጉሡ ዘመን በጣና ዳርቻ በሚገኝ አንድ የወረዳ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ልጅ ሳለሁ የችሎት ታሪክ ሲያወሩልኝ ከሁሉ የሚገርመኝ የግድያ መዝገብ ነበር። ከደቅ ደሴት በደንገል ታንኳ የመጡ ምስክሮች ቆመው ይናገራሉ፤ ተከሳሹ ያዳምጣል፤ እሳቸው ይጽፋሉ፤ በመጨረሻም መዝገቡ ታስሮ የጠቅላይ ግዛቱ ከተማ ወደነበረችው ደብረ ማርቆስ ይላካል። «ታዲያ ዳኛው ምን ብለው ፈረዱ?» ስላቸው፣ «ዳኛውማ አልፈረዱም፤ አስጻፉ እንጂ» ይሉኝ ነበር።

ይህ መልስ በደንብ የገባኝ ሕግ ተምሬ ባሕር ዳር ውስጥ ጥብቅና ከጀመርኩ በኋላ ነው። አጎቴ የሚያወሩልኝ ነገር በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጋችን «ቀዳሚ ምርመራ» ብሎ የሚጠራው ሥርዓት ሲሆን፣ የዘር ሐረጉም በቅኝ ገዥ እንግሊዝ ሥር ወደነበረችው ሕንድ ይመዘዛል። የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት የስዊዘርላንዱ ሊቅ ዣን ግራቨን ለሥነ ሥርዓቱም በአውሮፓ አህጉር ልማድ የተቃኘ ረቂቅ አቅርበው ነበር፤ የመጨረሻውን መልክ ያስያዙት ግን ከዚያ በፊት በእንግሊዝ ሥር የነበረችው ማላያ (የዛሬዋ ማሌዥያ ክፍል) ዋና ዳኛ የነበሩት እንግሊዛዊው ሰር ቻርልስ ማቲው ናቸው። የማላያ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ከሕንዱ የተቀዳ ነው። ቅኝ ያልተገዛች አገር የቅኝ ግዛትን የችሎት ልማድ በአማካሪ እጅ፣ በራሷ ፈቃድ አስገባች ማለት ነው። ዓባያችን በሚወርድባት ሱዳንም እንግሊዞች የሕንዱን የወንጀል ሕግ አርአያ አድርገው እ.ኤ.አ. በ1899 ሕግ አውጥተው ነበር፤ ወደ እኛ የመጣው ግን ከጎረቤት ሳይሆን በማላያ ዞሮ ነው።

በሕንድ በ1898ቱ (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት የማጅስትሬቱ (የበታች ፍርድ ቤት ዳኛው) ሥራ የሚጀምረው ክስ ከመመሥረቱ አስቀድሞ ነበር። ፖሊስ የያዘውን ሰው ማጅስትሬቱ ሳይፈቅድ ከ24 ሰዓት በላይ ማቆየት አይችልም፤ ማጅስትሬቱም ለምርመራ ሲባል የሚፈቅደው እስር በድምሩ ከ15 ቀን እንዳይበልጥ ሕጉ ይገድበው ነበር። በ1872ቱ የማስረጃ ሕግ ለፖሊስ መኮንን የተሰጠ የእምነት ቃል በተከሳሹ ላይ ማስረጃ ሊሆን ስለማይችል፣ ያመነ ሰው ሁሉ ማጅስትሬት ፊት መቅረብ ነበረበት፤ ማጅስትሬቱም ቃሉ በፈቃድ የተሰጠ መሆኑን ጠይቆ ካረጋገጠ በኋላ ጥያቄውንና መልሱን አስጽፎ፣ ለተናጋሪው አስነብቦ፣ መዝገቡ የተባለውን ሁሉ በትክክል የያዘ መሆኑን በገዛ እጁ ጽፎ ይፈርማል። እዚህ ላይ የቅኝ ገዥው ሕግ በገዛ ፖሊሱ ላይ ያለው አለመተማመን ይታየኛል፤ አለመተማመኑ ግን የተገዥውን ሕዝብ ጠቅሟል ብዬ አምናለሁ።

ከባድ ወንጀል ሲሆን ደግሞ ማጅስትሬቱ ምስክሮችን ሰምቶ ከሁለት አንዱን ይወስናል። ማስረጃው ለክርክር የሚበቃ ከሆነ ተከሳሹን ወደ ከፍተኛው ችሎት ያስተላልፈዋል፤ የማይበቃ ከሆነ ግን ምክንያቱን ጽፎ ያሰናብተዋል። ሥርዓቱ በእንግሊዝ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሲጀመር የሰላም ዳኛው (ማጅስትሬቱ በእንግሊዝ የሚጠራበት ስም ነው) መርማሪ እንጂ ገለልተኛ ሰሚ አልነበረም፤ ምስክሮች በተከሳሹ ፊት እንዲሰሙ በሕግ የተደነገገው እ.ኤ.አ. በ1848 ነው። መርማሪነትና ዳኝነት በአንድ ወንበር መቀመጣቸው ግን ቅኝ ግዛት ውስጥ ቀጥሏል፤ የአውራጃው ማጅስትሬት ግብር ሰብሳቢም፣ የፖሊስ የበላይም፣ የማጅስትሬቶች አለቃም ነበርና። ገዥነትና ዳኝነት በአንድ እጅ መዋሉ ለጎጃም ሰው እንግዳ ነገር ስላልሆነ በዚህ ላይ ብዙ አልል። እ.ኤ.አ. በ1883 በኢልበርት ረቂቅ ሕግ ላይ የተነሣው ንትርክ ግን የሥርዓቱን ገመና አውጥቷል፤ ሕንዳዊ ማጅስትሬት በአውራጃው ውስጥ እንግሊዛዊ ተከሳሽ እንዲዳኝ መፈቀዱን በዚያ የሚኖሩ እንግሊዞች አምርረው ተቃውመው፣ ረቂቁ ተሸራርፎ ነው የጸደቀው።

ወደ እኛው ሕግ ስንመለስ፣ ከቁጥር 80 ጀምሮ የተቀመጠው ቀዳሚ ምርመራ የሚመለከተው ሁለት ወንጀሎችን ብቻ ነው፤ በቀድሞው ሕግ በቁጥር 522 እና 637፣ በአሁኑ በአንቀጽ 539 እና 671 የሚገኙትን ከባድ ግድያንና ከባድ ውንብድናን። የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ከተሰሙ በኋላ ዳኛው ተከሳሹን ለመናገር እንደማይገደድ፣ ከተናገረ ግን ቃሉ ተጽፎ ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል ያስጠነቅቀዋል። ከዚያም መዝገቡ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ያልፋል። ማስረጃው ሳስቶ ቢያገኘው እንኳ ተከሳሹን የማሰናበት ሥልጣን ለዳኛው አልተሰጠውም። ከሕንዱ ማጅስትሬት ብዕሩን ወስደን ወንፊቱን ትተናል ማለት ነው፤ የአጎቴ «አስጻፉ እንጂ» ትርጉሙ ይኸው ነበር።

ብዕሩ ብቻውን ዋጋ የለውም ግን አልልም። ቁጥር 144 በቀዳሚ ምርመራ የተሰጠ የምስክርነት ቃል ምስክሩ ቢሞት፣ አእምሮውን ቢስት፣ ወይም ተፈላልጎ ባይገኝ በዋናው ክርክር እንዲነበብ ይፈቅዳል። ወባ ከክረምት በኋላ ሰው በሚያረግፍበት፣ ምስክሩ ከደሴት ወርዶ ደብረ ማርቆስ ለመድረስ ቀናት በሚፈጅበት በዚያ ዘመን፣ የምስክርን ቃል ትኩስ እንዳለ መያዝ ፍትሕን ከመጥፋት ማዳን ነበር። ቅሬታዬ በተከሳሹ በኩል ነው፤ ዳኛው ፊት ቆሞ ማስረጃው ባዶ መሆኑን ሁሉም ካየ በኋላ፣ በዚያው መዝገብ ምክንያት ለወራት እስር ቤት ሆኖ ተራ መጠበቁ በምንም አይካስም። ፖሊስ ምርመራውን እስኪጨርስ ተጠርጣሪው እንዲታሰር የሚሰጠው የጊዜ ቀጠሮም ቢሆን በቁጥር 59 አንዱ ከ14 ቀን አይበልጥም ይባላል እንጂ ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ አልተወሰነም፤ የሕንዱ ሕግ በድምሩ 15 ቀን ማለቱን ሳስታውስ፣ ከቅኝ ገዥው ሕግ የጠበበውን ትተን የሰፋውን ለምን እንደመረጥን ይከነክነኛል።

ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣችው አዲስ ሕግ የማጅስትሬቱን ምስክር የመስማት ሥራ አስቀርታለች። በእኛም ችሎት ቀዳሚ ምርመራ ዛሬ ከስንት አንዴ ነው የሚያጋጥመኝ፤ በቁጥር 35 መሠረት ተጠርጣሪው ዳኛ ፊት የሚሰጠው ቃል ግን እስካሁን በየመዝገቡ አለ። ደንበኛዬ «ቁጥር 35 ሰጥቻለሁ» ባለኝ ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቀው ዳኛው ምን ብሎ እንደጠየቀው፣ ያመጣው ፖሊስ በር ላይ ቆሞ እንደነበረና የተጻፈው ተነቦለት እንደሆነ ነው።

አጎቴ በንባቡ ላይ ጥብቅ ነበሩ። አንድ ዓሣ አስጋሪ የሰጠው ቃል ሲነበብለት «አየሁ አላልኩም፤ ጩኸት ሰማሁ ነው ያልኩት» ብሎ አስቆማቸው። ዳኛው ቃሉ እንዲሰረዝ አዘው፣ ከጎኑ «ሰማሁ» ተብሎ ተጽፎ ምስክሩ በጣቱ አተመበት። መዝገቡ በማግስቱ ወደ ደብረ ማርቆስ ሄደ። ተከሳሹ ይፈረድበት ይለቀቅ አጎቴም ዳኛውም እስከ መጨረሻው አልሰሙም።