ያልተፈለፈለው አንበጣ በረረብኝ

2013 ጥቅምት ላይ ነው፣ የበረሃ አንበጣው ራያና ቆቦ ላይ የደረሰ ማሽላ እየጨረሰ ነበር። እኔ አዲስ አበባ ቢሮ ቁጭ ብዬ መንጋው ቀጥሎ የት እንደሚያርፍ የሚገምት ሞዴል በፓይተን (የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው) እሰራለሁ፣ ካርታውን በግሪድ ከፋፍዬ በየካሬው ሶስት ቁጥር ብቻ ነው የያዝኩት፣ እንቁላል፣ ኩብኩባ (ገና ክንፍ ያላወጣው ግልገል)፣ ክንፍ ያወጣ።

አንድ ጠዋት ወደ አፋር ዝቅ የሚለው ቆላ ጋ አንድ ቦታ ቀይ ሆኖ ወጣ፣ መንጋ ያርፍበታል ማለት ነው፣ ደስ ብሎኝ ላክሁት፣ የርጭት መኪናም ሄደ። ማታ የወረዳው የእፅዋት ጥበቃ ባለሙያ ደወለልኝ፣ በእድሜ አባቴ ይሆናል። «ልጄ፣ የላክኸን ቦታ ምንም የለም ቀኑን ሙሉ ዞርን። መንጋው እንቁላል የጣለው እዚህ እኛ ጋ ነው፣ እሱም ከትናንት ወዲያ። ገና አፈር ውስጥ ያለ ነገር እንዴት ብሎ በረረ?»

ያን ሌሊት አልተኛሁም። አንድ ሚሊየን እንቁላል ብቻ አስገብቼ ቀን በቀን ማየት ጀመርኩ። እንቁላል በሞቃት ቦታ ለመፈልፈል ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል፣ ኩብኩባው ክንፍ እስኪያወጣ ደግሞ ከ30 እስከ 40 ቀን፣ እኔ ይሄን በአማካይ ወስጄ በየቀኑ ከእንቁላሉ አንድ አስራ አራተኛው ይፈልፈል፣ ከኩብኩባው አንድ ሰላሳ ስድስተኛው ክንፍ ያውጣ ብዬ ነው የጻፍኩት። በመጀመሪያው ቀን ከ71 ሺህ በላይ ተፈለፈለ፣ በሁለተኛው ቀን ወደ 2000 የሚጠጋው ክንፍ አወጣ! አማካዩ ልክ ነው ግን ትናንት የተጣለውና የዛሬ 13 ቀን የተጣለው አንድ ሳጥን፣ ማለትም አንድ ቁጥር ውስጥ ስለሆኑ ሞዴሉ አይለያቸውም። መሬት ላይ ብቻ ቢቀሩ ጉዳቱ ትንሽ ነበር፣ ግን መንጋ በቀን እስከ 150 ኪሎሜትር ስለሚሄድ ያልተወለዱትን 2000ዎቹን ነፋሱ ይዟቸው ሌላ ካሬ አስገባቸው፣ ቀዩ ቦታ ያ ነው። በጣም ነው ያዘንኩት፣ ምክንያቱም ያቺ መኪና ያን ቀን የምትፈለግበት ሌላ ቀበሌ ነበረ።

ሶስቱን ሳጥን ትቼ 50 አደረግኳቸው፣ ለያንዳንዱ የእድሜ ቀን አንድ፣ ሲነጋ ሁሉም አንድ ሳጥን ይገፋል፣ መዝለል የለም። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ማክኬንድሪክ እ.ኤ.አ. በ1926 የጻፈው ቀመርም መሰረቱ ይሄው ነው፣ አንድ ቀን ሲያልፍ እድሜም በአንድ ቀን ይጨምራል። ቀዝቀዝ የሚልበት ቦታ እድገቱ ስለሚዘገይ ሙቀቱን በኋላ ጨመርኩበት፣ እሱ ብዙ አላስቸገረኝም።

አዲሱ ካርታ የባለሙያውን ቦታ ለሳምንታት አንድም የሚበር ሳያሳይ ኩብኩባ ብሎ አስቀመጠው፣ ለርጭት ደግሞ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም፣ መብረር አይችልማ። እንቁላሉ በተጣለ በ16ኛው ቀን ፎቶ ላከልኝ፣ አሸዋው ላይ ጉንዳን የሚያካክሉ ጥቁር ኩብኩባዎች ተጠጋግተው፣ ከጎናቸው የሱ ጫማ ጫፍ ይታያል። ከስሩ «መኪናዋ እየመጣች ነው» ብሎ ጽፎበታል።