ብዙ የማይነፋ ፎም ፍለጋ፦ አንድ በርና ሦስት መስኮት

ይህን የምጽፈው በጣሳ በሚሸጠው፣ እየነፋ ክፍተት በሚደፍነው ፎም አንድ በር አበላሽቼ የሦስት መስኮት ዙሪያ ከደፈንኩ በኋላ ነው። ከበሩ ልጀምር፤ ትምህርቱም የተጀመረው እዚያው ነው።

በመቃኑና በግድግዳው መካከል የቀረው ክፍተት እንደየቦታው ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ይሆናል። እጄ ላይ የነበረው ጣሳ ደግሞ ለትልልቅ ክፍተት የተሠራ ነበር። «ፎም ያው ፎም ነው» ብዬ ቀጭኑን ቱቦ አስገባሁና ክፍተቱን ጢም አድርጌ ሞላሁት። ማታ በሩን ልዘጋ ብል እምቢ አለኝ። ውሃ ልክ ሳስጠጋበት፣ በማጠፊያው በኩል ያለው ቋሚ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ በቁልፉ በኩል ያለው ግን መሃል ላይ ሆዱን ገፍቷል። 3 ሚሊ ሜትር ብትሆን ነው። በር ለማጣበቅ ግን አላነሰችም። በማግስቱ ፎሙን በመጋዝ ምላጭ ቆርጬ ሳወጣው መቃኑ ወደ ቦታው ተመለሰ። ብሎኖቹ ጥብቅ ባይሆኑ ኖሮ ከዚህም ይብስ ነበር።

ለምን እንዲህ ሆነ ብዬ ሳነብ ያልጠበቅኩት ነገር ገጠመኝ። ይህ በጣሳ የሚመጣው ፎም (ፖሊዩሬቴን ይባላል) ሁለት ጊዜ ነው የሚነፋው። የመጀመሪያው ከአፉ እንደወጣ ነው፤ ጣሳው ውስጥ የታመቀው ጋዝ ሲለቀቅ ኩፍ ይላል፣ ዓይናችሁ እያየው። ሁለተኛው ቀስ ብሎ ይመጣል። ፎሙ ከአየሩና ከግድግዳው እርጥበት እየሳበ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየለቀቀ ይደርቃል። ላዩ ቆዳ አውጥቶ «አለቀ» ሲያሰኝ ውስጡ ገና እየሠራ ነው። ክፍተቱ ሞልቶ መውጫ ካጣ ያገኘውን ይገፋል፤ ግድግዳው አይነቃነቅ፣ የሚሸነፈው መቃኑ ነው።

ስለዚህ ስንመርጥ ጥያቄው «ስንት እጥፍ ይነፋል?» ብቻ አይደለም፤ «በምን ኃይል ይገፋል?» የሚለውም ነው። ለበርና ለመስኮት ተብሎ የሚሸጠው ግፊቱ ዝቅ ያለ፣ ከደረቀም በኋላ ትንሽ ለስለስ ብሎ የሚቀር ዓይነት ነው። መቃን ሙቀት ሲያገኝ ስለሚረዝም፣ ሲበርድ ስለሚያጥር ያ ልስላሴ ጥቅም አለው። አንዳንድ ጣሳ ላይ «ኤኤኤምኤ 812» የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ፤ ፎሙ መቃንን ምን ያህል እንደሚያጎብጥ የሚገመገምበት የአሜሪካ አሠራር ነው። ብርቱካናማው እሳት መከላከያ ፎም በተለይ ሽቦና ቱቦ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ለመድፈን የተሠራ ነው፤ በቀለሙ ተስባችሁ ለመስኮት አትውሰዱት። በውሃ የሚታጠበውን የላቴክስ ዓይነትም አስቤበት ነበር። ለእጅ ይቀላል፤ ውሃ የመያዝ ጠባዩን ስሰማ ግን ለውጭ መስኮት ተውኩት።

መስኮት ከመንካቴ በፊት ትርፍራፊ ጣውላ በ15 ሚሊ ሜትር ልዩነት እያጋጠምኩ ልምምድ አደረግኩ። አንዱን ሲሶ፣ አንዱን ግማሽ፣ አንዱን ሙሉ ሞላሁ። ሲሶው ትንሽ ጎደለ፣ ግማሹ ልክ መጣ፣ ሙሉው በሁለቱም በኩል ዘርግፎ ወጣ። ሌላ ጥንድ ደግሞ አንዱን በውሃ እፍ አድርጌ፣ ሌላውን በደረቁ ሠራሁት። በማግስቱ ስቆርጣቸው እርጥቡ ውስጡ እኩል ደርቋል፤ የደረቁ ጣውላ መሃሉ ገና ይሙለጨለጭ ነበር። ከዚያ ወዲህ የውሃ መርጫዬ ከጎኔ አይለይም። መርጨት ማለት ግን ማጥለቅለቅ አይደለም፤ ጤዛ ያህል ይበቃል።

ባለ ሽጉጥ መርጫውን የገዛሁትም በዚሁ ሳምንት ነው። ባለ ቱቦው ጣሳ አንዴ ከተከፈተ ቱቦው ውስጥ የቀረው ይደርቅና የተረፈው ለሌላ ቀን አይሆንም። ሽጉጡ ላይ ጣሳው እንደታሰረ፣ መዝጊያው ጠብቆ ሳምንታት ይቆያል። ከሁሉ በላይ የመስመሩን ውፍረት በብሎኑ ትቆጣጠራላችሁ። እኔ እንደማየው ለጀማሪ ትልቁ ለውጥ ከፎሙ ዓይነት ቀጥሎ ይህ ነው።

የመጀመሪያው መስኮት ያለ ችግር አለቀ። መጀመሪያ በብሎን አሰርኩት (ፎም ክፍተት ይደፍናል እንጂ መስኮት አይሸከምም)፣ በሽብልቅ አስተካከልኩት፣ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ለክቼ ሁለቱ ልኬቶች እኩል መሆናቸውን አየሁ። ከዚያ ዘግቼ ቆለፍኩትና ጣሳውን ገልብጬ ከታች ወደ ላይ አንድ ቀጭን መስመር ሄድኩ። እስኪደርቅ አልከፈትኩትም።

ሁለተኛው በብርድ ጠዋት ነበር። ጣሳው ሌሊቱን ቀዝቃዛ ወለል ላይ አድሮ ፎሙ ሻካራ ሆኖ፣ እየተቆራረጠ፣ ከመንፋት ይልቅ እየፈሰሰ ወጣ። አቁሜ ጣሳውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቆየሁት፤ 20 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ነው በደንብ የሚሠራው። ፍል ውሃ ወይም ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ ግን ክልክል ነው፤ ውስጡ ያለው ጋዝ ተቀጣጣይ ነው። ስትረጩም በአካባቢው እሳት አይኑር፣ ሌሎቹ መስኮቶች ይከፈቱ፤ ያልደረቀው ፎም ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል ሳንባን ያስቆጣል። ጓንትና መነጽር አይርሱ። እኔ አንድ ጊዜ ጓንት ንቄ ጣቶቼ ሳምንት ሙሉ ጠቁረው ሰነበቱ። አሴቶን ከዕቃ ላይ የሚያነሳው እርጥቡን ብቻ ነው፤ የደረቀውን ፈቅፍቆ ማንሳት እንጂ ሌላ መላ የለውም።

ሦስተኛው ላይ ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ከመስኮቱ ሥር ውሃ የሚወጣባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ እየሠራሁ ሁለቱን ልደፍን ስል አየሁ። አሁን ከመጀመሬ በፊት ቀለም ቀቢዎች በሚለጥፉት ፕላስተር እሸፍናቸዋለሁ።

የተረፈውን ፎም በማግስቱ በረጅም ምላጭ ከግድግዳው ጋር አስተካክዬ ቆረጥኩ። ፀሐይ የሚያገኘውን ደግሞ በሽፋን ጣውላና በቀለም ደበቅኩት፤ ሳይሸፈን ከተተወ ቢጫ፣ ቆይቶም ቡናማ ይሆንና ይፈረፈራል። ከ5 ሚሊ ሜትር የጠበቡትን ስንጥቆች በፎም አልታገልኳቸውም፤ ሲሊኮን ጨረሳቸው።

የቀረኝ የሦስተኛው መስኮት ግራ ጎን ነው። ግንበኛው አጥፍቶ ይሁን መስኮቱ አንሶ፣ ክፍተቱ 35 ሚሊ ሜትር አለው፤ በአንድ ዙር ብሞላው መሃሉ በደንብ እንደማይደርቅ ከጣውላዎቹ አይቻለሁ። ቀጭን ጣውላ ግድግዳው ላይ ቸንክሬ ላጠበው፣ ከዚያ በሁለት ዙር፣ በመካከሉ አንድ ቀን ጠብቄ ልሞላው አስቤያለሁ። እንዲህ ያለ ሰፊ ክፍተት የደፈነ ካለ ጣውላውን በምን እንዳሰረው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።